ንጉሥ ካሌብ ባሕርን እንደ ተሻገረ

ልጆች ሆይ፤ በጣና ዳር የሚኖር ሰው ሁሉ ታንኳን ያውቃል። ከሐሙሲት ተነሥቶ ወደ ባሕሩ ዳር ወደ ቆራጣ የሚወርድ መንገደኛ፥ ከደንገል የተሠራውን ታንኳ ያያል። ታንኳው ሚስማር የለውም፤ ደንገሉ በገመድ ብቻ ይታሰራል። ቀዛፊው ወደ ደሴት ለመሻገር ሲያስብ ማለዳ ይነሣል፤ በማለዳ ውኃው ጸጥ ያለ ነውና። ከቀትር በኋላ ግን ነፋስ ይነሣል፤ ማዕበሉም ታንኳውን ያናውጠዋል። ስለዚህ ብልህ ቀዛፊ ሰማዩን ሳይመለከት፥ ውኃ የጠጣውን ታንኳ በፀሓይ ሳያደርቅ፥ የሚያርፍበትንም ስፍራ ሳያውቅ ከዳር አይለይም። ለአንድ ታንኳ ይህን ያህል ጥንቃቄ ካስፈለገ፥ ብዙ ሺህ ሰው ይዞ ታላቁን ባሕር ለሚሻገር ንጉሥ ምን ያህል ያስፈልገው ይሆን? ይህ ምዕራፍ እንዲህ ያለውን ሥራ አስቦ የፈጸመውን የአክሱምን ንጉሥ የካሌብን ሕይወት ይነግራል።

ካሌብ የንጉሥ ታዜና ልጅ ነበረ። በ6ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ በአክሱም ነገሠ። በዚህ ታሪክ የሚነገሩት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው። የመንግሥቱ ስም እለ አጽብሐ ይባል ነበር። በዘመኑ የተሠራው የወርቅ ገንዘብ ስሙና የአባቱ ስም ተጽፎበት እስከ ዛሬ ይገኛል።

የአክሱም መንግሥት ደጋውን ብቻ የያዘ አልነበረም፤ እስከ ቀይ ባሕር ድረስ ይደርስ ነበር። በባሕሩ አጠገብ አዱሊስ የምትባል የንግድ ከተማ ነበረች። ስፍራዋ ከምጽዋ ወደ ደቡብ፥ በዙላ ባሕረ ሰላጤ ዳር ነው። ከአዱሊስ የዝሆን ጥርስና የአውራሪስ ቀንድ በመርከብ ተጭኖ ወደ ሩቅ አገር ይሄድ ነበር፤ ከሩቅ አገርም ልብስና ወይን ይመጣ ነበር። መርከቦቹ የሚቆሙበት ወደብ ገበዛ ይባላል። በዚያ ዘመን የኖረ ፕሮኮፒዮስ የሚባል የታሪክ ጸሓፊ፥ ከአክሱም እስከ አዱሊስ የ12 ቀን መንገድ እንደ ነበረ ጽፏል።

ከአዱሊስ ማዶ የሒምያር አገር ነበረ፤ ይኸውም ዛሬ የመን የሚባለው ነው። ቀይ ባሕር ርዝመቱ ከ2,000 ኪሎ ሜትር ያልፋል፤ ወርዱ ግን ጠባብ ነው። ከአዱሊስ ወደ ደቡብ በሄደ መጠን እየጠበበ ይሄዳል፤ ባብ ኤል መንደብ በሚባለው በር 30 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ይቀረዋል። መልካም ነፋስ ያገኘ መርከብ ከሒምያር ወደብ ተነሥቶ በ5 ቀንና በ5 ሌሊት አዱሊስ ይደርስ እንደ ነበረ ያው ፕሮኮፒዮስ ይናገራል። እንግዲህ መንገዱ አጭር ነበረ። ነገር ግን አጭር መንገድ ሁልጊዜ ቀላል መንገድ አይደለም። በዚህ ባሕር ላይ የሚሄድ ሰው አስቀድሞ አራት ነገሮችን ማወቅ ነበረበት።

መጀመሪያው ነፋስ ነው። የጥንት መርከብ በሸራና በመቅዘፊያ ይሄድ ነበር እንጂ ሞተር አልነበረውም። በቀይ ባሕር በደቡብ ወገን ከጥቅምት እስከ ግንቦት ነፋሱ አብዛኛውን ጊዜ ከደቡብ ይነፍሳል። ከሰኔ እስከ መስከረም ግን ተለውጦ ከሰሜን ይነፍሳል። ስለዚህ በበጋ ወራት ከአዱሊስ ወደ ደቡብ የሚሄደውን መርከብ ነፋሱ ፊት ለፊት ይመታዋል። በክረምት ወራት ግን ያው ነፋስ ከኋላ ሆኖ ይገፋዋል።

ሁለተኛው ዐለት ነው። በቀይ ባሕር ዳርና ዳር ከውኃ በታች የተሰወረ ስለታም ዐለት አለ። ስፍራውን የማያውቅ መሪ መርከቡን በዚያ ላይ ይሰብራል። ስለዚህ ወደብ ለመግባት መንገዱን የሚያውቅ ሰው ያስፈልጋል።

ሦስተኛው የባሕሩ መሙላትና መጕደል ነው። ጣና በክረምት ይሞላል፥ በበጋም ይጐድላል። ባሕር ግን በአንድ ቀንና ሌሊት ውስጥ ሁለት ጊዜ ይሞላል፥ ሁለት ጊዜም ይጐድላል። ይህ የሚሆነው ጨረቃና ፀሓይ ውኃውን ስለሚስቡት ነው። ጨረቃ ስትሞላና አዲስ ጨረቃ ስትሆን ሙላቱ ከሌላው ቀን ይበልጣል። በቀይ ባሕር ሙላቱ ከአንድ ሜትር እምብዛም አያልፍም። ሆኖም ዳሩ ጥልቅ ባልሆነበት ስፍራ የተጫነች መርከብ ሙላቱን ጠብቃ ብትነሣ ይሻላታል፤ ውኃው ሲጐድል በአሸዋ ላይ ትቀመጣለችና።

አራተኛው የሚጠጣ ውኃ ነው። የባሕር ውኃ ጨው ስለ ሆነ አይጠጣም። ብዙ ሰው የጫነች መርከብ በመንገድ ብትዘገይ፥ ሰዎቹ በውኃ መካከል ሳሉ በውኃ ጥም ይሞታሉ።

አሁን ካሌብ ባሕሩን ለመሻገር ያሰበበትን ምክንያት እንንገር። ካሌብ አስቀድሞ በ518 ዓመት ገደማ ሐያን የሚባለውን አለቃ ከሠራዊት ጋር ወደ ሒምያር ልኮ ነበር። ከዚያም በኋላ የአክሱም ወዳጅ የሆነ ንጉሥ በሒምያር ነገሠ። ያም ንጉሥ በ522 ዓመት ገደማ ሞተ። የሞተበት ጊዜ ለመርከብ የማይመች ወራት ነበረ፤ ስለዚህ የአክሱም ሰዎች ተሻግረው ሌላ ንጉሥ ሊያነግሡ አልቻሉም። የአይሁድን ሃይማኖት የያዘ ዮሴፍ የሚባል ሰው በዚያ ወራት መንግሥቱን ያዘ። ዐረቦች ዙ ኑዋስ ይሉታል፤ በግዕዝ መጻሕፍት ግን ስሙ ፊንሐስ ነው። ባሕሩ ተዘግቶ ሳለ ማንም እንደማይደርስበት ያውቅ ነበር።

ዮሴፍ በዛፋር ከተማ የነበሩትን የአክሱምን ወታደሮች ገደለ፤ ቤተ ክርስቲያናቸውንም አቃጠለ። በ523 ዓመት ናግራን የምትባለውን የክርስቲያኖች ከተማ ከበበ። የከተማው ሰዎች በሰላም ቢገዙለት ክፉ እንዳያደርግባቸው ቃል ገባላቸው። በሩን በከፈቱለት ጊዜ ግን ቃሉን አፈረሰ። ወንዶችም ሴቶችም ብዙዎች ተገደሉ፤ ከእነርሱም አንዱ ሽማግሌው ኂሩት ነው። የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን እነዚህን ሰማዕታት ኅዳር 26 ቀን ታስባቸዋለች። የዚህ በደል ባለቤቶች ያ ንጉሥና ጭፍሮቹ ናቸው። ስለ እነርሱ በደል በሃይማኖታቸው ያሉትን ሰዎች ሁሉ መጥላት ፍርድን ማጣመም ነው።

የናግራን ወሬ በብዙ አገር ተሰማ። የሮም ንጉሥ ዮስጢኖስ ሰምቶ አዘነ፤ በእስክንድርያው ሊቀ ጳጳሳት በጢሞቴዎስ በኩልም ካሌብ እንዲዘምት ለመነው። ካሌብም ልቡ በኀዘን ተቃጠለ። ንጉሥ ሲቈጣ አሽከሮቹ ሁሉ ይቸኩላሉ። ነገር ግን የንጉሥ ቍጣ ነፋስን አይመልስም፥ ባሕርንም አያደርቅም። ካሌብ ይህን ያውቅ ስለ ነበረ የወራቱን መለወጥ ጠበቀ፤ የሚጠብቅበትንም ጊዜ በሥራ ሞላው።

በመጀመሪያ መርከብ አሰበሰበ። የሰማዕታቱን ታሪክ የሚናገር ጥንታዊ ጽሑፍ የመርከቦቹን ቍጥር ይነግረናል። ከቀይ ባሕር ሰሜን ጫፍ፥ ከአይላ 15፥ ከቍልዙምም 20 መርከቦች መጡ። ሌሎችም ከዮጣቤ፥ ከበረኒቄ፥ ከፈረሳን ደሴቶችና ከህንድ የመጡ ነበሩ፤ ሁሉም አንድ ላይ 60 ሆኑ። ካሌብም ደግሞ በገዛ አገሩ 10 መርከቦች አሠራ። እነዚህ ሁሉ በገበዛ ወደብ ተከማቹ። ከሰሜን የመጡት ብዙ መንገድ ስላለባቸው ገና ሠራዊቱ ሳይደርስ መነሣት ነበረባቸው። ስለዚህ መልእክቱ ከወራት በፊት ተላከ ማለት ነው። እነሆ፥ አንድ ቀን የሚፈጸም ሥራ ስንት ወር አስቀድሞ እንደሚጀመር እዩ።

የዚያ ባሕር መርከቦች እንደ ሌሎች መርከቦች በብረት ሚስማር የተመቱ አልነበሩም። ሳንቃው በሳንቃ ላይ በገመድ ይሰፋ ነበር። በዚያ ዘመን አንዳንድ ሰዎች፥ በባሕሩ ውስጥ ብረት የሚስብ ድንጋይ ስላለ ነው ይሉ ነበር። ፕሮኮፒዮስ ግን ይህ ተረት እንደ ሆነ ይገልጣል፤ ምክንያቱም በዚያ አገር ብረት ስለማይበቃ መሆኑን ጽፏል። ልጆች ሆይ፤ ታንኳችን ያለ ሚስማር በገመድ እንደሚታሰር፥ ታላላቆቹም መርከቦች በገመድ ተሰፍተው ማዕበሉን ይቋቋሙ ነበር።

ካሌብ ከእርሱ በፊት የነበሩትን ሰዎች ሥራ ለማወቅም ተጋ። በአዱሊስ የቀድሞ ነገሥታት ጽሑፍ ያለበት የእብነ በረድ ዙፋን ነበረ። ጽሑፉ አንድ የጥንት ንጉሥ መርከብና ሠራዊት ልኮ ከባሕር ማዶ ያለውን አገር እንዳስገበረ ይናገራል። ካሌብ ለጦርነቱ ሲዘጋጅ የዚህ ጽሑፍ ቅጂ እንዲላክለት የአዱሊስን ገዥ አዘዘ። በዚያ ጊዜ ኮስማስ የሚባል የእስክንድርያ ነጋዴ በአዱሊስ ነበረና ጽሑፉን ከጓደኛው ጋር ገለበጠው። ዙፋኑ ዛሬ ጠፍቷል፤ ኮስማስ የገለበጠው ቃል ግን በመጽሐፉ ውስጥ ይነበባል። ንጉሥ ሆኖ ሳለ ከድንጋይ ላይ ለመማር አላፈረም።

ነገር ግን በዚህ ሁሉ ጥንቃቄ መካከል አንድ ታላቅ ጥፋት ሆነ። ያው ጥንታዊ ጽሑፍ እንደሚተርከው፥ ካሌብ 15,000 ሰዎች በየብስ ወደ ደቡብ እንዲሄዱ ሰደደ። መንገዳቸው ውኃ በሌለበት በበረሃ ነበረ። በዚያም በጥም አለቁ፤ ወደ ሒምያር የደረሰ፥ ወደ አገሩም የተመለሰ አልነበረም። ለመርከቦቹ ነፋሱን የመረመረ፥ ለእግረኞቹ የውኃውን ጕድጓድ አላስመረመረም። አለቃ አንዲት ነገር ቢረሳ፥ ዋጋውን የሚከፍለው የታዘዘው ሰው ነው። የእነዚያ 15,000 ሰዎች እናቶች ልጆቻቸውን በከንቱ ጠበቁ።

በአክሱም አጠገብ ባለ ኮረብታ አባ ጰንጠሌዎን የሚባሉ መነኵሴ ይኖሩ ነበር። ካሌብ ከመዝመቱ በፊት ወደ እርሳቸው ሄዶ ጸሎታቸውንና ምክራቸውን እንደ ለመነ በአባቶች ይነገራል። ከዚህ በኋላ በ525 ዓመት፥ ከበዓለ ጰራቅሊጦስ በኋላ፥ ሠራዊቱ በመርከብ ተሳፈረ። ጊዜው የደቡቡ ነፋስ የሚያልቅበት፥ የሰሜኑም የሚጀምርበት ነበረ። ያ በፊት ለዮሴፍ ጋሻ ሆኖት የነበረው ነፋስ አሁን ተመልሶ የካሌብን ሸራ ሞላ።

ዮሴፍ ደግሞ ዝም ብሎ አልተቀመጠም። በናግራን አጠገብ በዐለት ላይ በ523 ዓመት የተቀረጸ የጭፍሮቹ ጽሑፍ ዛሬም ይታያል። በእርሱም የመንደብ ሰንሰለት እንደ ተጠበቀ ተጽፏል። አንዳንድ ሊቃውንት ይህ በጠባቡ ባሕር ላይ የተዘረጋ የብረት ሰንሰለት ነው ይላሉ። ሌሎች ግን በባሕሩ ዳር እንደ ሰንሰለት የተያያዘ የምሽግ ተራ ነው ይላሉ። የቀድሞ ተራኪዎች ማዕበል ሰንሰለቱን እንደ በጠሰው ተርከዋል። ይህም ሆነ ያ፥ ዮሴፍ ካሌብ በየት ሊመጣ እንደሚችል ዐውቆ በሩን እንደ ጠበቀ ግልጥ ነው።

የካሌብ መርከቦች ወደ ጠባቡ በር በደረሱ ጊዜ ነፋሱና ማዕበሉ ለያያቸው። አንዳንዶቹ ቀድመው አለፉ፤ ሌሎቹም ወደ ኋላ ቀሩ። ሁሉም በአንድ ስፍራ ሊያርፉ አልቻሉም። በዳር የዮሴፍ ፈረሰኞች ቆመው ይጠብቋቸው ነበር። በመርከቦቹም ላይ እህልና ውኃ እያለቀ ሄደ። ከዳር ፊት ለፊት ቆሞ መራብና መጠማት ከባድ ፈተና ነው። በመጨረሻ የአክሱም ወታደሮች ወደ ዳር ወጥተው ተዋጉ፤ ድልም አደረጉ። ዮሴፍም ሞተ። የዐረብ ተራኪዎች ከፈረሱ ጋር ወደ ባሕር ገብቶ ጠፋ ይላሉ።

ካሌብ በሒምያር የተቃጠሉትን አብያተ ክርስቲያናት አሳደሰ። ሱምያፋ አሽዋ የሚባለውን የአገሩን ሰው አነገሠ። በማሪብ ከተማ በግዕዝ የተቀረጸ ጽሑፍ ስባሪ ተገኝቷል፤ ይህም የአክሱም ሰዎች እስከዚያ እንደ ደረሱ ምስክር ነው። ሆኖም ድሉ ንጹሕ አልነበረም። ወታደሮቹ የአገሩን ቋንቋ አያውቁም ነበርና ወዳጁን ከጠላቱ ሳይለዩ ብዙ ሰው ገደሉ። ክርስቲያኖቹም እንዲታወቁ በእጃቸው ላይ የመስቀል ምልክት አደረጉ። ለተበደለ ሰው ሊፈርድ የሄደ ሠራዊት ራሱ እንዳይበድል መጠንቀቅ አለበት፤ ይህ ከባሕሩ ይልቅ የሚከብድ ነገር ነው።

ካሌብ ወደ አገሩ ከተመለሰ በኋላ ጥቂት ዓመታት አለፉ። በሒምያር የቀሩት ወታደሮች አብርሃ ከሚባል አለቃ ጋር ሆነው ዐመፁ፤ ሱምያፋንም አስረው አብርሃን አነገሡ። ካሌብ 3,000 ሰዎች ላከ፤ እነርሱም ከአብርሃ ጋር አንድ ሆኑ። ሁለተኛም ሠራዊት ላከ፤ እርሱም ተሸነፈ። ከዚህ በኋላ ካሌብ ሌላ ሠራዊት አልላከም። ለመሻገር ጊዜ እንዳለው ሁሉ፥ ለማቆምም ጊዜ አለው። ብዙ ነገሥታት የመጀመሪያውን ያውቃሉ፤ ሁለተኛውን የሚያውቁት ጥቂቶች ናቸው።

የካሌብም የመጨረሻ ዘመን እንዲህ ይነገራል። ዘውዱን ከራሱ አውርዶ በጌታችን መቃብር ፊት እንዲሰቀል ወደ ኢየሩሳሌም ላከው። መንግሥቱን ትቶ ወደ አባ ጰንጠሌዎን ገዳም ገባ፤ በዚያም መንኵሶ በጾምና በጸሎት ዕድሜውን ፈጸመ። ከእርሱም በኋላ ልጁ ገብረ መስቀል ነገሠ። በአክሱም ከከተማው ወደ ሰሜን በታላላቅ ድንጋዮች የታነጸ፥ የካሌብና የገብረ መስቀል መቃብር የሚባል ሥራ እስከ ዛሬ ይታያል።

ልጆች ሆይ፤ ከዚህ ንጉሥ ሕይወት ምን እንማራለን? ልቡ ሲቃጠል እንኳ ወራቱን ጠበቀ፤ ሲጠብቅም እጁን አጣጥፎ አልተቀመጠም። መርከብ አሠራ፥ ከሩቅ አገር ረዳት ለመነ፥ የቀደሙትን ሰዎች ጽሑፍ አስመረመረ። ይህ ሁሉ መልካም ነው። በበረሃ የቀሩትን 15,000 ሰዎችም አትርሱ። የቸኰለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ የፈሰሰ እህል ይለቀማል፥ የጠፋ ነፍስ ግን አይለቀምም። ስለዚህ ወንዝ የምትሻገሩ ብትሆኑ፥ ከብት የምታሻግሩ ብትሆኑ፥ ኋላም አድጋችሁ ሰውን የምታዝዙ ብትሆኑ፥ ለራሳችሁ መንገድ የምትጠይቁትን ሁሉ ለምትልኩት ሰው መንገድ ደግሞ ጠይቁ። ውኃው የት ነው? ማረፊያው የት ነው? ነፋሱስ ከወዴት ይነሣል? ይህን ሳይጠይቅ ሰውን የሚልክ ጀግና አይባልም። ጠይቆ፥ ጠብቆ፥ በጊዜው የሚነሣ ግን ማዶውን ያያል።